ቀለሙ ቀስ እያለ የሚለወጥ የኪሮሽ ብርድ ልብስ፦ የት ይበላሻል? እንዴት ይስተካከላል?

እህቴ ማርገዟን በነገረችኝ ሳምንት አንድ ብርድ ልብስ ጀመርኩ። ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣ ወደ ላይ እየፈዘዘ ሄዶ ጫፉ ላይ ለጋ ቅቤ የሚመስል ቢጫ። ጎህ ሲቀድ ያለውን ሰማይ እንዲመስል ነበር ያሰብኩት። ልጅቷ ተወልዳ፣ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ብርድ ልብሱ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። አንዴ በቀለሙ፣ አንዴ በጠርዙ፣ አንዴ ደግሞ በንዴት።

ቀለሙ የሚሸጋገር ሥራ ከሌላው ኪሮሽ የሚለየው ጥፋቱ ዘግይቶ መታየቱ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው መስመር ደህና ነው። ከ20 መስመር በኋላ ዘርግታችሁ ራቅ ብላችሁ ስታዩት ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ምኑ እንደሆነ ደግሞ ቶሎ አይገባም። ስለዚህ ዓይን ከሚያየው ልጀምርና ወደ ምክንያቱ ልሂድ።

መጀመሪያ ስለ ስሞች እንግባባ። ኪሮሽና ዳንቴል የሚሠሩ እናቶች እያንዳንዱን አሠራር በየቤታቸው ስም ይጠሩታል። እኔ እዚህ መንጠቆ ያለውን መርፌ ኪሮሽ፣ ኪሮሹ ገብቶ ወጥቶ የሚጨርሳትን አንዷን ጥልፍልፍ ዓይን፣ ኪሮሹ ላይ የተንጠለጠለውን ክር ቀለበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ጉዞ መስመር እላለሁ። ኪሮሹን አስገብቶ ክር ስቦ በሁለቱም ቀለበት አንዴ የሚያወጣው አጭሩ አሠራር ነጠላ ነው። አስቀድሞ ክር ጠምጥሞ የሚገባው ረጅሙ ድርብ ነው። ከቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንግሊዞች ድርብ የሚሉት አሜሪካኖች ነጠላ የሚሉትን ነው። ብርድ ልብሱ ከቪዲዮው በጣም አጥሮና ጠጥሮ ከወጣባችሁ፣ ወይም በተቃራኒው ሳስቶ ከረዘመባችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

ቀለሙ አይሸጋገርም፣ ይዘላል

የመጀመሪያው መፍታት በዚህ ነው የመጣው። አምስት ልቃቂት ነበረኝ፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሱቅ ውስጥ ተደርድረው ሲታዩ ደረጃ በደረጃ የሚወጡ ይመስሉ ነበር። ሲሠራ ግን ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲሄድ ልክ ሁለት የተለያየ ጨርቅ የተሰፋ መሰለ። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ደግሞ ልዩነቱ ጭራሽ አይታይም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እኛ ክር ስንመርጥ የምናየው የቀለሙን ዓይነት ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እያልን። ከሩቅ ስናይ ግን ዓይናችን ቀድሞ የሚይዘው ጥቁረቱንና ንጣቱን ነው። ሁለት ቀለሞች በስም ጎረቤት ሆነው አንዱ በጣም ጨለማ፣ ሌላው በጣም ብሩህ ከሆነ መሃላቸው ላይ ስንጥቅ የመሰለ መስመር ይወጣል። በስም የሚራራቁ ሆነው ንጣታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ሽግግሩ ለስላሳ ይመስላል።

መፈተኛው እጃችሁ ላይ አለ። ልቃቂቶቹን በምትሠሩበት ቅደም ተከተል ደርድሩ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። አሁን የምታዩት ግራጫ ደረጃ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ግራጫ ከጎኑ ካለው በተቀራረበ መጠን እየነጣ ከሄደ ሥራው ይሳካል። አንድ ቦታ ላይ ትልቅ ዝላይ ካለ እዚያ አንድ ቀለም ይጎድላል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ከሁለቱ አንዱን መተው ትችላላችሁ። እኔ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል አንድ ልቃቂት ጨምሬ አራተኛውን አወጣሁት፤ ገንዘቡም ብዙ አልጎዳኝም።

ፎቶውን የምታነሡት ታዲያ በቀን ብርሃን ነው። ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ነጭ አምፖል ሥር የሚታየው ቀለም ደጅ ሲወጣ ሌላ ነው። ሻጩ ቢኮሳተርም ልቃቂቱን ይዛችሁ እስከ በሩ ውጡ። ማታም እንደዚያው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በስልክ ብርሃን እየሠራሁ ጥቁሩን ክር ጥቁር ሰማያዊ ነው ብዬ ስድስት መስመር ሄድኩ። ጠዋት አይቼ ሳቄም እንባዬም መጣ።

ሥራው ካለቀ ወይም ብዙ ከሄደ በኋላ ዝላዩ ከታያችሁስ? እስከዚያ ድረስ መፍታት ከቻላችሁ ፍቱና ድልድይ ሥሩ። ድልድይ የምለው ሁለቱን ቀለሞች እያፈራረቁ መሄድን ነው። ለምሳሌ አሮጌው ቀለም እየሄደ ሳለ 2 መስመር አዲሱን፣ 6 አሮጌውን፣ 4 አዲሱን፣ 4 አሮጌውን፣ 6 አዲሱን፣ 2 አሮጌውን፣ ከዚያ በአዲሱ መቀጠል። ድምሩ 24 መስመር ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ቀለሙ የተቀላቀለ ይመስላል። ቁጥሮቹን ጎዶሎ ሳላደርግ በሁለት በሁለት ያስኬድኳቸው በምክንያት ነው። ሁለት መስመር ሠርታችሁ ስትመለሱ ክሩ በጀመራችሁበት ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ ሳይቆረጥ በጠርዙ በኩል ወደ ላይ ይነሣል። በ1 ወይም በ3 መስመር ብትሠሩ ክሩ ከወዲያኛው ጠርዝ ቀርቶ በየጊዜው መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

እስከዚያ መፍታት የማይታሰብ ከሆነ ደግሞ ድፍረት የሚጠይቅ መላ አለ። ከመገጣጠሚያው በላይ ያለውን አንድ መስመር መሃሉን በመቀስ ቆርጣችሁ በግራም በቀኝም አንድ በአንድ ታወጡታላችሁ። ብርድ ልብሱ ሁለት ይሆናል። ከታችኛው ቁራጭ ላይ ድልድዩን ሠርታችሁ የላይኛውን በመርፌ ትሰፉታላችሁ። ኪሮሽ ከታች በኩል እንደ ሹራብ ቶሎ ስለማይተረተር ይቻላል። እኔ አንዴ ብቻ አድርጌዋለሁ። እሑድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፤ ስፌቱም ለሚያውቅ ሰው ይታያል።

መሃሉ አመዳም ሆነ

ይህ የሚገጥመው ሁለት ቀጭን ክር አንድ ላይ ይዘው ለሚሠሩ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ ሁለቱም ክሮች ሀ ናቸው፤ ቀጥሎ አንዱ ሀ አንዱ ለ፤ ቀጥሎ ሁለቱም ለ፤ ከዚያ ለ እና ሐ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አምስት ቀለም ገዝታችሁ ዘጠኝ ደረጃ ታገኛላችሁ። ሦስት ክር ከያዛችሁ ደግሞ አሥራ ሦስት። ርዝመቱ 100 ሳንቲሜትር ለሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ ዘጠኙ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 11 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳቸዋል።

ችግሩ ቀይና አረንጓዴን፣ ወይም ሰማያዊና ብርቱካናማን፣ ወይም ቢጫና ወይን ጠጅን በቀጥታ ስታገናኙ ነው። ሁለቱ ክሮች ከሩቅ በዓይን ውስጥ ይቀላቀሉና ቡናማ ወይም አመድ የመሰለ ነገር ይወጣል። ክሩ አልተበላሸም፣ እናንተም አልተሳሳታችሁም፤ እነዚህ ቀለሞች እርስ በርሳቸው የሚተፋፉ ናቸው። መላው በመሃል አስታራቂ ቀለም ማስገባት ነው። ባንዲራችንን አስቡት፦ አረንጓዴና ቀይ መካከል ቢጫ ቆሟል። ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ስትሄዱ ሎሚ የመሰለ ቀለም ይወጣል፤ ከቢጫ ወደ ቀይ ስትሄዱ ብርቱካናማ። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ቢጫውን አውጥታችሁ አረንጓዴና ቀዩን ብታጣምሩ ግን ጭቃ ነው የምታገኙት።

በዚህ አሠራር ክር ስትገዙ አንድ ስሌት አለ፤ እኔ ሳላውቀው ተቀጥቼበታለሁ። ዳርና ዳር ያሉት ቀለሞች ሦስት ድርሻ ይበላሉ፦ ሁለቱ ክሮች ንጹሕ በሆኑበት ደረጃ ሁለት፣ ከጎረቤት ጋር በተጣመሩበት አንድ። መሃል ያሉት ግን በሁለቱም በኩል ጎረቤት ስላላቸው አራት ድርሻ ይበላሉ። ስለዚህ ከሁሉም እኩል ከገዛችሁ የሚያልቅባችሁ የመሃሉ ነው። ለዳሮቹ ሦስት ልቃቂት ከሆነ ለመሃሎቹ አራት አራት።

ኪሮሹም ይለወጣል። ለብቻው በ4 ሚሊሜትር የሚሠራ ክር ሁለት ሲሆን 5 ተኩል ወይም 6 ይፈልጋል። በአራቱ ከቀጠላችሁ ብርድ ልብስ ሳይሆን የበር ምንጣፍ ይወጣል።

ቀለሞቹ ተስማምተዋል፣ ግን መስመሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል

ቀለም መረጣው ትክክል ሆኖ ሳለ ድንበሩ ደረቅ ከሆነ አሠራሩን እዩት። ድርብ ረጅም ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር ወፍራም ቀበቶ ይሆናል፤ ነጠላም በጥብቅ ከተሠራ ጥርት ያለ መስመር ይሰጣል። ቀለም ለማቀላቀል የተሻለው አንድ ነጠላ፣ አንድ ሰንሰለት (የትም ሳይገቡ ክር ስቦ ኪሮሹ ላይ ባለችው ቀለበት ማውጣት)፣ አንድ ዓይን መዝለል እያሉ መሄድ ነው። በሚቀጥለው መስመር ነጠላውን የምትሠሩት ከታች ባለው የሰንሰለት ክፍተት ውስጥ ነው። አዲሱ ቀለም በአሮጌው መስመር ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ልክ ሸማኔ ማግና ድር ሲያጣምር ሁለቱ ቀለሞች ተፈራርቀው እንደሚታዩት ማለት ነው። እኔ ሦስተኛውን ጊዜ ስጀምር ወደዚህ ዞርኩ፤ ቀደም ብሎ የነገረኝ ባለመኖሩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለሕፃን ከሆነ ሌላም ጥቅም አለው። ክፍተቱ ትንሽ ነው። ሰፋ ሰፋ ባለ ድርብ የተሠራ ብርድ ልብስ የሕፃን ጣት ይይዛል።

ደግሞ ቀለም ስትቀይሩ የት ላይ እንደምትቀይሩ ተጠንቀቁ። አዲሱ ክር የሚገባው የመጨረሻውን ዓይን ጨርሳችሁ አይደለም፤ ከመጨረሷ በፊት ነው። የመጨረሻዋ ዓይን ላይ ሁለት ቀለበት ሲቀር አሮጌውን ተዉና አዲሱን ስባችሁ አውጡ። ጨርሳችሁ ከቀየራችሁ የአሮጌው ቀለም አንድ ቀለበት በአዲሱ መስመር ጥግ ላይ ይቀራል። አንዱን ማንም አያየው ይሆናል፤ ዘጠኙ ተደራርበው ግን ጠርዙ የተበላ ይመስላል።

በአንዱ ፊት ነጠብጣብ ይታያል

አዲሱ ቀለም በጀመረበት ቦታ የአሮጌው ቀለም ነጥብ ነጥብ ብሎ ከወጣ የምታዩት የጀርባውን ፊት ነው። የብርድ ልብሱ ፊት ላይ አንዳንዱ ድንበር ጥርት ያለ፣ አንዳንዱ ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱን ቀለም በፊት በኩል፣ አንዳንዱን በጀርባ በኩል ጀምራችኋል። መላው የእያንዳንዱን ቀለም መስመር ቁጥር ሙሉ ማድረግ ነው፤ 10 ወይም 12፣ እንጂ 11 አይደለም። ፊቱ የቱ እንደሆነ እንዳትረሱ አንድ መርፌ ቁልፍ ፊቱ ላይ ሰክታችሁ ሥሩ። እዚህ ላይ ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

አንድ ቀለም ገዝቼ ሁለት ሆነ

ሦስት ልቃቂት አንድ ዓይነት ሰማያዊ ገዝታችኋል። ከሦስተኛው ጀምሮ ብርድ ልብሱ ላይ ያልጠራችሁት ድንበር ወጣ። ክር በየጊዜው በተለያየ በርሜል ነው የሚነከረው። በልቃቂቱ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የንክር ቁጥር አለ፤ ያ ቁጥር ካልተመሳሰለ ቀለሙም በጥቂቱ ይለያል። ስትገዙ ሁለቱንም ቁጥር እያያችሁ ግዙ፤ ወረቀቱንም አትጣሉት።

ወረቀት የሌለው ክር ገዝታችሁ ከሆነ፣ ወይም ንክሩ ካለቀ፣ ቀላሉ መላ ሁለቱን ልቃቂት በሁለት በሁለት መስመር ማፈራረቅ ነው። ልዩነቱ ይሰወራል። እንዲያውም በዚህ ዓይነት ሥራ ልዩነቱ ሊጠቅማችሁ ይችላል፤ ነጣ ያለውን ወደሚነጣው አቅጣጫ አድርጉት፣ አንድ ደረጃ በነፃ አገኛችሁ።

ራሱ ቀለም የሚለዋወጠው ክር ከዳኝ

በአንድ ልቃቂት ውስጥ ቀለሙ ራሱ የሚሸጋገር ክር አለ። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞልን የሚመጣው፣ እንደ ኬክ ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለው። ሰው ይህን ሲያይ ችግሩ ሁሉ የተፈታ ይመስለዋል። ሦስት ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል።

አንደኛው፣ መሃል ላይ ቋጠሮ ይመጣና ከቢጫ በቀጥታ ወደ ወይን ጠጅ ይዘላል። ክሩ ተበጥሶ የተቀጠለው ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ልቃቂቱን ገልብጣችሁ እንደገና ጠቅልሉት፤ ቋጠሮውን ያኔ ታገኙታላችሁ። ቆርጣችሁ፣ ትክክለኛው ቀለም እስኪመጣ ያለውን ክር ወደ ጎን አድርጋችሁ ቀጥሉ። ወደ ጎን ያደረጋችሁት አይጣልም፤ ቀለሙ ተራው ሲደርስ ይገባል።

ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ልቃቂት ተገላቢጦሽ ይሄዳል። አንዱን ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ጀምራችሁ ይሆናል። ከአንድ ቦታ ጀምራችሁም ፋብሪካው በተቃራኒ ጠቅልሎት ሊሆን ይችላል። የአንደኛውን መጨረሻና የሁለተኛውን መጀመሪያ አጠገብ ለአጠገብ ይዛችሁ አስተያዩ፤ አንድ ካልሆኑ ከሌላው ጫፍ ጀምሩ።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ ሽግግር ተብሎ የተገዛው ክር ብርድ ልብስ ላይ ሸንተረር ሆኖ ይወጣል። ክሩ ላይ አንዱ ቀለም የተወሰነ ሜትር ነው ያለው። አንገት ላይ ለሚደረግ ቀጭን ስካርፍ ያ ብዙ መስመር ያስኬዳል። ለሰፊ ብርድ ልብስ ግን አንዱ መስመር ብቻውን ብዙ ይበላል። አንድ መስመር ሠርታችሁ ፍቱና ክሩን ለኩት። መስመሩ 4 ሜትር ከበላ፣ አንዱ ቀለም ደግሞ 20 ሜትር ከሆነ፣ አምስት መስመር ሠርታችሁ ቀለሙ አለቀ። መላው ጠባብ ጠባብ አድርጎ መሥራት ነው። 80 ሳንቲሜትር ስፋት ከመጀመር 20 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት ረጃጅም ቁራጮች ሠርታችሁ አጋጥሟቸው፤ አንዱ ቀለም አራት እጥፍ መስመር ይሄዳል። አራቱም ከአንድ ቀለም መጀመራቸውን እንዳትረሱ።

ከመሃል ጀምሮ በአራት ማዕዘን የሚያድገውን ለሚሠሩ ደግሞ፦ መሃሉ ላይ ቀለሙ ሰፊ፣ ወደ ዳር ሲሄድ ቀጭን ይሆናል። የክሩ ጥፋት አይደለም፤ ዙሩ እየረዘመ ስለሚሄድ ነው። ጎኑ 100 ሳንቲሜትር ለሚሆን ብርድ ልብስ ጎኑ 71 ሳንቲሜትር ሲደርስ የሠራችሁት ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹ ክር ገና ይቀራችኋል ማለት ነው። «ልጨርስ ነው» ብላችሁ ለሰው ቀን እንዳትቆርጡ።

ጠርዙ ይንሸራተታል፣ ወገቡ ይጠባል

ይህ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ቢሆንም ቀለሙ ሲሸጋገር ዓይን ሁሉ ወደ ጠርዙ ስለሚሄድ ከሌላው ብርድ ልብስ ይልቅ እዚህ ይጋለጣል።

ብርድ ልብሱ ወደ ላይ እየጠበበ እንደ ጣሪያ ከሄደ በየመስመሩ የመጨረሻዋን ዓይን እየዘለላችሁ ነው። እየሰፋ ከሄደ አንዷን ሁለቴ እየሠራችሁ ነው። በነጠላ ስትሠሩ ለመዞሪያ አንድ ሰንሰለት ሥሩና አትቁጠሯት፤ የመጀመሪያዋ ነጠላ የመጀመሪያዋ ዓይን ውስጥ ትገባለች። በድርብ ስትሠሩ ሦስት ሰንሰለት ትሠራላችሁ፤ እሷ እንደ አንድ ዓይን ትቆጠራለች። ስለዚህ ቀጣዩ ድርብ ሁለተኛዋ ዓይን ላይ ይገባል፤ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ የታችኛው መስመር ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ መሥራት አለባችሁ። ብዙው ሰው የሚስተው ይህችን ነው። በየመስመሩ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ ዓይን ላይ መርፌ ቁልፍ ብትሰኩ መቁጠር እንኳ አያስፈልጋችሁም።

የታችኛው ጫፍ ብቻ ተሰብስቦ ከላይ ሰፊ ከሆነ የመነሻው ሰንሰለት ጠብቋል። ሰንሰለቱን ብቻ በ1 ሚሊሜትር በሚበልጥ ኪሮሽ ጀምሩት። አሁን መፍታት ካልቻላችሁ በመጨረሻ ዙሪያውን ጥለት ስትሠሩለት ታችኛውን ላላ፣ ላይኛውን ጠበቅ አድርጋችሁ ትንሽ ታቃኑታላችሁ።

ዓይኖቹ ልክ ሆነው አንዱ ቀለም ላይ ብቻ ወገቡ ከጠበበ ክሮቹ ውፍረታቸው አይመሳሰልም። ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት ቢባልም ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ ክሮች ይለያያሉ። እናቴ ለዚህ ማስመሪያ አትፈልግም። የሁለቱን ክር ጫፍ እንደ ሁለት ቀለበት አጠላልፋ ትገምዳቸዋለች፤ ከዚያ በጣትና በጣት መካከል ከአንደኛው ወደ ሌላው እየዳሰሰች ታልፋለች። መሃሉ ላይ ጣቷ ከተደናቀፈ «አይሆንም፣ መልሺው» ትለኛለች። ማስመሪያ ላይ መጠምጠምም ይቻላል፤ 2 ነጥብ 5 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደገባ ቁጠሩ። ልዩነቱ አንድ ዙር ከሆነ በግማሽ ሚሊሜትር የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ኪሮሽ ያስተካክለዋል። ሦስት ዙር ከሆነ ክሩን ለሌላ ሥራ አስቀምጡት።

ክሩም አንድ ሆኖ ከጠበበስ? እጃችሁ ነው። እኔ ስናደድ እጄ ይጠብቃል። ከቢሮ ተናድጄ በመጣሁባቸው ቀናት የሠራኋቸው መስመሮች እስካሁን ብርድ ልብሱ ላይ ተለይተው ይታያሉ፤ እህቴን ላሳያት ብዬ ትቻቸዋለሁ።

ክሩ መሃል ላይ አለቀ

የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ ይህ ችግር የለም። መስመሩን ከመጀመራችሁ በፊት ልቃቂቱን መዝኑ፤ ስትጨርሱ እንደገና መዝኑ። አንዱ መስመር 7 ግራም ከበላ 100 ግራም ልቃቂት 14 መስመር ይሄዳል፤ አሥራ አምስተኛውን አትጀምሩ። ይህን ቀድማችሁ ለሁሉም ቀለም ካሰላችሁ ደረጃዎቹን ከመነሻው እኩል ታደርጋላችሁ።

ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን እስከ መስመሩ መጀመሪያ ፍቱ። መስመር መሃል ላይ ቀለም መቀየር የትኛውም ሽግግር አያድነውም። የቀለሙ ደረጃ ከሌሎቹ አጥሮ ከቀረ ደግሞ ቀጣዮቹንም እያሳጠራችሁ ሂዱ። 12፣ 10፣ 8፣ 6 እያለ ሲሄድ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ማን ይጠይቃችኋል?

ክር በየቦታው ይወጣል

በየቀለሙ ለውጥ ሁለት ጅራት ይቀራል። ቋጥሮ አጠገቡ መቁረጥ ያጓጓል። አታድርጉት፤ ቋጠሮው በሁለተኛው እጥበት ይፈታል፣ ካልተፈታም ሕፃኑን ይጎረብጠዋል። ጅራቱን 15 ሳንቲሜትር አስቀሩት። ጆሮው ሰፊ በሆነ መርፌ በራሱ ቀለም ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ አስገቡት፣ ተመለሱ፣ አንዴ ደግሞ ሂዱ። አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ሲጎተት ሾልኮ ይወጣል። ስንፍና የሚያጠቃችሁ ከሆነ፣ እንደኔ ማለቴ ነው፣ ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ያኔውኑ ደብቁት። የመጨረሻ ቀን 36 ጅራት ፊት ለፊት ተቀምጦ ማየት ብርድ ልብሱን ያስጠላል።

አጥቤው አጠፋሁት

መጀመሪያ ክሩ ምን እንደሆነ እወቁ። እኔን ሻጩ ሱፍ ነው ብሎ ነበር የሸጠልኝ። አጭር ቁራጭ በወረንጦ ይዤ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ለኮስኩት፤ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆነ። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ሱፍ ቢሆን የተቃጠለ ፀጉር ይሸትና በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ልም ነው።

ጥቁር ሰማያዊው ቢጫውን ካቀለመው የለቀቀው ቀለም ቀድሞ ያልተፈተነ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ደማቅ ክር ቁራጭ አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጨምቁት። ጨርቁ ከቀለመ ያንን ክር ከመሥራታችሁ በፊት ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፍ ለጥጥ ክር ቀለም አያስይዝም፤ ብዙ ሰው ይመክራል፣ እኔም ሞክሬ ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ እንጂ ቀለሙ መልቀቁን አልተወም። ብርድ ልብሱ ቀድሞ ከቀለመ እንዳይደርቅ አድርጉ። ደርቆ ከቆየ ይይዛል። ወዲያው ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን እየቀያየራችሁ አለቅልቁት።

ሱፍ ሙቅ ውሃ ካገኘውና ከታሸ ይኮማተራል፤ መመለሻ የለውም። አክሪሊክ ደግሞ ጠላቱ ካውያ ነው። ጠርዙን ላቃና ብዬ ካውያውን አሳረፍኩበት። ጠርዙ ተቃና፤ ግን ያ ጥግ ላስቲክነቱን ጨርሶ አጣ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ተለጠጠ። አክሪሊክ ከሆነ ካውያውን ሳታስነኩ ከላዩ ራቅ አድርጋችሁ እንፋሎቱን ብቻ ስጡት። ጥጥና ሱፍ ከሆነ በውሃ አርጥባችሁ፣ ጠርዙን በእጅ እየሳባችሁ ልክ ካስያዛችሁ በኋላ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ገመድ ላይ አታስጡት። ውሃ የያዘ ኪሮሽ ከባድ ነው፤ በክብደቱ ወደ ታች ይረዝማል። የእኔው አንድ ቀን ገመድ ላይ ውሎ 100 የነበረው 112 ሳንቲሜትር ሆነ። ልጅቷ ግን አሁን ሁለት ዓመቷ ነው፤ እግሯን ስለሸፈነላት ማንም ቅር አላለውም።